ምንጣፍ የለበሰችው መኪና

እኛ የምንወደውን ነገር ሳናለብሰው አናድርም። ቴሌቪዥን ገዛን? ዳንቴል። ሶፋ ገዛን? ጨርቅ፣ በጨርቁ ላይ ደግሞ ሌላ ጨርቅ። ሪሞቱ እንኳ ከነላስቲኩ አርጅቶ፣ አንድ ቀን ራቁቱን ሳናየው ይሞታል። አትፍረዱብኝ፤ እናንተም ቤት አለ። እኔማ ጭንቀት ሲታደል ሁለቴ የተሰለፍኩ ነኝ። ልጄን በሀዋሳ ሙቀት በሦስት ብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ "አተኮሰብኝ" እያልኩ ጤና ጣቢያ ስሮጥ፣ ነርሷ አንድ በአንድ ገፈፈችለትና "ይኸው ዳነልሽ" ብላ መለሰችኝ።

ባለቤቴ ብርሃኑ ያን ቀን ሲስቅብኝ ዋለ። ታዲያ እሱም የሚያለብሰው ልጅ ነበረው፦ ከአጎቱ የወረሳት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከመሬት ብዙም ከፍ ያላለች ቀይ የድሮ ስፖርት መኪና። ሲም ካርድ በወረፋ በሚወጣበት በዚያን ዘመን፣ በሰፈራችን በአዲስ ከተማ ከጋሪና ከባጃጅ መሃል ብቅ ስትል ሰው ወሬውን ያቋርጥ ነበር። ታናሽ እህቴ ሰላም የሰርጓ ቀን ሲቆረጥ፣ ለአማቾቿ ሁሉ "የምመጣው በቀይዋ ነው" ብላ አስወራች። ብርሃኑ ይህን ሲሰማ ቁመቱ የጨመረ መሰለኝ። መኪናዋን አጠበ፣ ለወንበሯ ነጭ ልብስ አሰፋ፣ የሙሽሪት ቬሎ የዛገውን ወለል እንዳይነካ ብሎ ደግሞ ከሳሎናችን የተረፈውን ወፍራም ምንጣፍ ቆርጦ፣ ደርቦ፣ አነጠፈላት፤ ከሾፌሩ እግር ስር ሳይቀር። ጎረቤት መጥቶ አየና "ሳሎን እኮ ናት" አለ።

በማግስቱ ሳሎኗ ጮኸች። አንደኛ ማርሽ ሊያስገባ ሲል ካርርር። የኋላ ማርሽ ሲሞክር የባሰ ካርርር። ልጄ ጭኔ ላይ ሆኖ ደንግጦ አለቀሰ፤ እኔም ላግዘው ትንሽ ቀረኝ። ቀኑ ሐሙስ ነው፣ ሰርጉ እሁድ።

ሰፈር ውስጥ መኪና ስትታመም እንደ ሰው ነው የምትጠየቀው። ወንዱ ሁሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ያዝናል፤ አንድ ጊዜ ኮፈን ከፍቶ የሚያውቅ ደግሞ ሐኪም ነው። ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን ደረጀ ድምፁን ሰምቶ ሳይጨርስ ፈረደባት።

"ካምቢዮዋ አልቋል። ጥርሶቿ ረግፈዋል። መውረድ አለበት።"

"ወርዶስ?" አልኩት።

"ከወረደማ ዕቃ ይፈለግላታል፣ እህቴ። ዕቃዋ ግን አገር ውስጥ መኖሩን እንጃ።"

ከቤታችን ወረድ ብሎ ካምቢዮዋ ወርዶ ዕቃ የምትጠብቅ አንዲት መኪና አለች። ዶሮ ትፈለፍልባታለች። ሰላምም እሷን አስባ ነው መሰለኝ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ "እንግዲህ በባጃጅ ልሂዳ" አለች። ደረጀ ዝም ቢል ምን ነበረበት?

"እኔ አለሁልሽ፣ በአበባ አሳምሬ" አላት። ይሄኔ ለየላት፤ አለቀሰች።

ብርሃኑ ከመናኸሪያ በኩል ጋሽ ማቴዎስን ይዟቸው መጣ። ሽማግሌ መካኒክ ናቸው፤ ቱታቸው ከዘይቱ ብዛት ያለ ሰው የሚቆም ይመስላል። ጫማቸውንስ ተዉት። ሊገቡ አንድ እግራቸውን ሲያነሱ እኔ የታየኝ ያ በስንት ልፋት ያጠብኩት ምንጣፍ ነው።

"ጋሽ ማቴዎስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጫማዎን ቢያወልቁ?"

ብርሃኑ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እሳቸው ግን ሳቁ። "ስንት መኪና ስሠራ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ግድ የለም ልጄ፣ ሳሎን በጫማ አይገባም።" አወለቁ። በግራ ካልሲያቸው ቀዳዳ አውራ ጣታቸው ወጥቶ ያየናል።

መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍተው ማርሾቹን በየተራ ሞከሩ። ሁሉም ያለ ድምፅ ገቡ። "ጥርሷ ጤነኛ ነው" አሉ፣ ወደ ደረጀ ሳያዩ። ሞተሩን ሲያስነሱ ግን ካርርር። "እንግዲህ ሞተሩ ማርሹን አልለቅም ብሎ ነው። የሚያስለቅቀው ይሄ ነበር" ብለው ፍሪሲዮኑን፣ ያን የግራውን ፔዳል፣ በካልሲ እግራቸው ረገጡት። ደግመው ረገጡት። አውራ ጣታቸውን እንደ ሐይቁ ዓሣ ወዲያ ወዲህ አወራጩት።

"ልጄ" አሉኝ፣ "እግሬን የነካው ለስላሳ ነው። ፔዳሉ ገና መውረድ ሲገባው ምንጣፋችሁ ላይ ተኝቷል። ጫማዬን ባላወልቅ፣ ወለሉ ነው ብዬ ካምቢዮውን አወርደው ነበር።"

የባለቤቴን ፊት አልነግራችሁም። ምንጣፉ ተጎትቶ ወጣ፤ ማርሹም ገባ። የተሰማው የሰላም እልልታ ብቻ ነው። እኔ ብርሃኑን ምን አልኩት? በነርሷ ድምፅ፣ "ይኸው ዳነልህ።"

እሁድ ምንጣፉ ከደጃችን እስከ መኪናዋ ድረስ ጭቃው ላይ ተነጠፈ። አማቾቹ ለክብራቸው የታሰበ መሰላቸው፤ እኛም አላረምናቸውም። ሰላም ቬሎዋን ሰብስባ ገባች፣ ብርሃኑ መሪውን ያዘ፣ ከዚያ ሁላችንም ዞር ብለን ሙሽራውን አየነው። ከሐሙስ ጀምሮ ስለ ማርሽ ስንጨነቅ፣ ሁለት ወንበር ላይ ሦስት ሰው እንደማይቀመጥ ያሰበ አልነበረም። ሙሽራው ደግሞ መንዳት አይችልም። ደረጀ ባጃጁን አስነሳ። ለካ ቃሉን ጠብቆ በአበባ አሳምሮት ኖሯል። ሙሽራው በባጃጅ ሚስቱን እየተከተለ፣ ክላክሱ እየጮኸ፣ በሐይቁ ዳር ዞረን ባህል አዳራሽ ድረስ የሳቀልን ሰው ብዛቱ።

ከሰርጉ በኋላ መኪናዋ ራቁቷን መቆሟ ብርሃኑን አላስቻለውም። እኔ የሠራሁትን ትንሽ ዳንቴል ወስዶ የማርሽ መቀየሪያውን አናት አለበሰው። አየሁት። ተውኩት። ዳንቴል ፔዳል ጋ አይደርስም።