አንዲት መስመር ወደ ታች የወረደችበት ዘመቻ

በዘመነ ቨርዥን አራት ነጥብ ሁለት፣ ዐቃቤ ዕጣው በፋይላቸው ላይ በተሾሙ በዘጠነኛው ዓመት፣ የትምህርት ቤቱ ፕሪንተር ለሦስተኛ ጊዜ በታመመበት ወር፣ ይህ ሆነ። እኛም ጸሐፊዎቹ ያላየነውን ሳንጨምር፣ ያልወደድነውንም ሳንቀንስ እንጽፋለን፤ የሚጠራጠር ቢኖር የመልእክት መዝገቡ ለሁሉ ክፍት ነውና ገብቶ ያንብብ።

ዐቃቤ ዕጣው በሳምንት አምስት ቀን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮችን የሚጠግኑ፣ የተነቀለ ገመድ የሚሰኩ፣ የተረሳ የይለፍ ቃል የሚቀይሩ፣ ቅዳሜ ጠዋት ግን በምግብ ጠረጴዛቸው ራስ ተቀምጠው ዓለምን የሚጠብቁ ሰው ነበሩ። አጠባበቃቸውም እንዲህ ነው። በብዙ አገር ያሉ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው የሚጽፉት፣ ማንም ወስዶ የሚሠራበት፣ ምስጢርን የሚቆልፍ አንድ የኮድ ላይብረሪ አለ፤ በላይብረሪውም ውስጥ ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት መስመር ያላት አንዲት ፋይል አለች፤ የፋይሏም ሥራ በየኮምፒውተሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ደጅ ቆማ ማንም ሊገምተው የማይችል ቁጥር፣ ዐቃቤ ዕጣው ስማቸውን ያገኙበትን ዕጣ፣ መለመን ነው። ቁልፍ ሁሉ ከዚህ ቁጥር ይወለዳልና፣ ቁጥሩ የሚገመት ከሆነ ቁልፉ የበር ጌጥ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም ቁጥሩን ከባዶ አይፈጥረውም፤ እንደ ግብር ይሰበስበዋል እንጂ። ከኪቦርዱ የጣትን አመታት፣ ከማውሱ የእጅን መንቀጥቀጥ፣ ከኔትወርኩ የመልእክትን መዘግየት እያስገበረ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ጎተራው ያስገባል፤ ጎተራው ሳይሞላ የመጣ ለማኝ ደጅ ይጠናል።

ሠራዊታቸውም ይህ ነበር። በቀኝ ሊቀ ሙከራ፣ ጡረታ የወጡ የስልክ መሐንዲስ፣ ዐሥራ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር በጓዳቸው አሰልፈው ሰው የረሳውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሁሉ በነፍስ የሚያቆዩ፤ በግራ ጸሐፊተ ሰነድ፣ በሩቅ አገር የምትኖር የሒሳብ መምህርት፣ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትጎድል ምሳ የማይወርድላት፤ በደጀን ደግሞ ስሙ በዝርዝሩ ላይ ያለ፣ ድምፁ ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ ያልተሰማ አንድ ጀግና። ሌላ ሠራዊት አልነበራቸውም። በቤታቸውም ባለቤታቸው፣ የአንድ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ቤት ኃላፊ፣ እንዲሁም አማታቸው ነበሩ፤ አማቲቱም የቅዳሜው ሥራ ምን እንደሆነ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠይቀው፣ «ቁጥር የምትለምን ፋይል አለች» ከሚለው ያለፈ መልስ ያላገኙ፣ ያገኙትም መልስ ያላጠገባቸው ሴት ነበሩ።

ወበውእቱ ወርኅ፣ በዚያ ወር ማለት ነው፣ ልዑከ ኩባንያ መጣ። ይህ ልዑክ ለመድኃኒት ቁም ሳጥን የኤሌክትሪክ ቁልፍ የሚሠራ የአንድ ትልቅ ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። የኩባንያው ቁልፎች ኪቦርድም ማውስም የላቸውም፤ ስለዚህ መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ጎተራቸው ባዶ ነው፤ ላይብረሪው ግን ገና ዐይኑን ሲገልጥ ቁጥር ይለምናል፤ ቁጥሩ እስኪሰጠውም ቁልፉ ሦስት ደቂቃ፣ አንዳንዴም አራት፣ ክው ብሎ ይቀራል። ልዑኩም ለዚህ ደዌ መድኃኒት ይሆናል ያለውን ሁለት መስመር ላከ፤ ጎተራው ከዘገየ ቁጥሩን ከሰዓቱ ወስደህ እለፍ የሚል። አዋጁም እንዲህ የሚል ነበር፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ደንበኞቻችን በጣም ተቸግረዋል። ቀላል ለውጥ ነው፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ብታስገቡልን ደስ ይለናል።»

ይህም በተነበበ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዐሥራ አራት የድጋፍ አውራ ጣቶች በመልእክቱ ሥር ወደ ላይ ቆሙለት፤ ከዐሥራ አራቱ ዐሥሩ በዚያ አደባባይ ከዚያ ቀን በፊት ታይተው የማያውቁ ነበሩ።

ዐቃቤ ዕጣው ይህን ያነበቡት በምሳ ሰዓት፣ በኮምፒውተር ክፍሉ ጥግ፣ ዳቦ እየገመጡ ነው። ሰዓት ስንት እንደሆነ መንገደኛም ያውቃልና፣ ከሰዓት የተወለደ ቁልፍ የሰፈሩ ሁሉ ቁልፍ እንደሆነ ታያቸው። ወዲያውም «አይሆንም» ብለው ጻፉ። ምክንያቱንም በአራት አንቀጽ አስረዱ፤ አራቱን አንቀጽ ግን ማንም አላነበበም፣ «አይሆንም»ን ብቻ ሁሉም አነበበ። አንዱ ግትር አላቸው፤ ሌላው ደጅ ሲጠብቁ ኖረው ራሳቸው የተዘጋ ደጅ ሆኑ ብሎ ቀለደ፤ ሦስተኛው በቀልዱ ላይ የሳቀ ፊት ለጠፈ። የፕሮጀክቱ አስተባባሪም ጠብ የማይወድ፣ ሁለቱንም ወገን አንተም ልክ አንተም ልክ የሚል ሰው ነበረና፣ ዐቃቤ ዕጣው እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ድረስ የለውጡን ጉዳት አሳይተው ሌላ መፍትሔ እንዲያመጡ፣ አለበለዚያ ሁለቱ መስመሮች እንደሚገቡ ወሰነ። ከዚያ በኋላ ዐቃቤ ዕጣው ፕሪንተሩ ለምን አይሠራም ብለው ግማሽ ሰዓት ሲመረምሩ፣ ፕሪንተሩ አልተሰካም ነበር።

ወእምዝ፣ ከዚያ በኋላ ማለት ነው፣ በእራት ጊዜ ጉዳዩን ለባለቤታቸው ነገሩ፤ የራሳቸው ሰው ናትና ትደግፈኛለች ብለው ነበር። እርሷ ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች። ለካስ በመድኃኒት ቤቷ ያሉት ሁለት ቁም ሳጥኖች፣ የልጆች ሽሮፕ የሚቀመጥበትና ብርቱ ማደንዘዣ የሚቀመጥበት፣ የዚያው ኩባንያ ቁልፍ ያላቸው፣ እያንዳንዳቸውም በየራሳቸው ካርድ ብቻ የሚከፈቱ ኖረዋል። በቤቱም የሚከተለው አዋጅ ታወጀ፦ «ደንበኛው ማን መሰለህ? እኔ እኮ ነኝ። አራት ደቂቃ ተገትሬ ስቀር፣ መስኮቱ ላይ ልጇን ታቅፋ የቆመችው እናት የምታየው እኔን ነው፣ ያንተን ፋይል አይደለም። ልክ ልትሆን ትችላለህ፤ ግን መፍትሔ ይዘህ ና።»

ይህ ቃል ከዐሥራ አራቱ አውራ ጣት ይልቅ ወጋቸው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስለሚገምት ሌባ እንጂ ስለሚጠብቅ ሰው አስበው እንደማያውቁ ተገለጠላቸው፤ የቀረበላቸውንም ሳይጨርሱ ተነሡ። ባለቤታቸውም በማግስቱ ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ፈቃድ ጠየቀች፤ መድኃኒት ቤቱ ቅዳሜ ጠዋት ዝግ ነበርና፣ መድኃኒቱ ከቁም ሳጥኖቹ ወጥቶ በእርሷ እጅ ተቆልፎበት እስከቆየ ድረስ ቁልፎቹን እንዲሞክሩ ተፈቀደላቸው።

ቅዳሜም በጠዋት ዘመቱ። የአዘማመታቸውም ሥርዓት እንዲህ ነበር፦ ከፊት ባለቤታቸው የመድኃኒት ቤቱን ቁልፍ ይዛ፤ በመካከል ዐቃቤ ዕጣው ላፕቶፓቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው፤ ከኋላ አማታቸው ባለ ስድስት ሶኬት ማከፋፈያ ገመድ በትከሻቸው ጠምጥመው፣ ቤት ብቻዬን ምን እሠራለሁ ብለው የመጡ፤ ሊቀ ሙከራም በስልክ። ደርሰውም የልዑኩን ሁለት መስመር በሁለቱም ቁልፎች ውስጥ ጫኑ፤ ሁለቱንም በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ፤ መብራት ሲመጣ ለሁሉም እኩል ነው የሚመጣውና። አማቲቱም ማብሪያውን ተጫኑ።

ቁልፎቹ በስድስት ሴኮንድ ተነሡ። ባለቤታቸው ባሏን ዘወር ብላ አየች፤ የአስተያየቷም ትርጉም፣ ታዲያ ምን ጎደለው የሚል ነበር። ዐቃቤ ዕጣው የሽሮፑን ቁም ሳጥን ካርድ አንሥተው የማደንዘዣውን በር ነኩበት። በሩ ተከፈተ። አጥፍተው እንደገና አበሩ፤ ከአምስቱ ጊዜ በአራቱ ሁለቱ ቁልፎች ከአንድ ሰዓት የተወለዱ መንታ ሆነው ተገኙ። ባለቤታቸውም የተከፈተውን በር በእጇ መልሳ ዘጋች፣ ወንበር ስባም ተቀመጠች፤ ያን የሽሮፕ ካርድ ገና ሥራ የጀመሩት ወጣት ረዳቶች ሁሉ በአንገታቸው አንጠልጥለውት ነው የሚዞሩት።

ጉዳቱ ታየ፤ መፍትሔው ግን አልተገኘም፣ ጊዜውም ከረፋዱ አራት ሰዓት ሆኗል። ዐቃቤ ዕጣው ላይብረሪው ገና ሲነሣ፣ ቁልፍ የፈለገ ሰው ሳይኖር፣ ስለምን ቁጥር እንደሚለምን ፋይላቸውን ከላይ እስከ ታች ፈተሹ። በሠላሳ ስምንተኛው መስመር ላይም አገኟት፤ ጎተራው ደኅና መሆኑን ለመፈተን ብቻ አንድ ቁጥር አስቀድማ የምትጠይቅ መስመር ናት። ማን እንዳስገባት መዝገቡን ጠየቁ።

እኛ ጸሐፊዎቹ ይህን ቦታ ልንዘለው ተማክረን ነበር፤ የጀግና ዜና ሲጻፍ እንዲህ ያለው ነገር ቀለም አጥቶ ይቀራልና። ሆኖም መዝገቡ ክፍት ነው ብለን አስቀድመን ስለጻፍን ማምለጫ የለንም። ያስገቧት ራሳቸው ነበሩ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በተሾሙ በመጀመሪያው ሳምንት፣ «ለጥንቃቄ» የሚል አንድ ቃል ጽፈው። በየጤና ጣቢያው ነርስን ሲያስቆም የኖረ፣ ልዑኩንም ከደጃቸው ያመጣው የገዛ ጥንቃቄያቸው ነበር።

ዐቃቤ ዕጣው በባዶ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ተቀመጡ፤ ካርቶኑም ሰመጠ፣ እርሳቸውም አልተነሡም። ያን ጊዜ ምንም ሳይገባቸው ሁሉን ያዩት አማታቸው አወጁ፦ «ያሰርከው አንተ ከሆንክ ፍታዋ፣ ልጄ። ሌላ ሰው ያሰረውን መፍታት ነው የሚከብደው። ተነሥ፣ ካርቶኑም አለቀለት።»

ወእምዝ ተነሥተው ያቺን መስመር ከሠላሳ ስምንተኛ ቦታዋ ነቅለው በሰባ ዘጠነኛው ላይ ተከሏት፤ ላይብረሪው ሲነሣ ሳይሆን፣ ቁልፍ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ እንድትጠይቅ። ከዚያ ወዲያ ቁልፉ እንደበራ ሳይገተር ይነሣል፤ ከኔትወርኩ ጋር ይነጋገራል፤ በንግግሩም መዘግየት ጎተራው ይሞላል፤ ሰው እስኪደርስም ቁጥሩ ተዘጋጅቶ ይቆያል። ዐሥር ጊዜ አጥፍተው ዐሥር ጊዜ አበሩ፤ አማቲቱ ማብሪያውን ለማንም አላስነኩም። ሃያ ቁልፍ ተወለደ፣ ሃያውም አይተዋወቁም። ከብርሃን መምጣት እስከ በር መከፈት ዘጠኝ ሴኮንድ ሆነ። ሊቀ ሙከራም ከጓዳቸው ዐሥራ አንዱም ኮምፒውተሮች ፈተናውን እንዳለፉ አስታወቁ፤ ሰባተኛው ካለፈ በኋላ ጢሱ ቢወጣም፣ ያ በእርጅናው ነው አሉ።

ለስድስት ሰዓት ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረውም ዐቃቤ ዕጣው መስመሯን ከነማስረጃው ላኩ፤ በላዩም ይህን አወጁ፦ «ጥፋቱ የእኔ ነው። መስመሯን ያለ ቦታዋ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ፣ ሰው አስቁሜበታለሁ፣ ይቅርታ። ሰዓቱን ግን አታስገቡ። የአንዱ ቁም ሳጥን ካርድ የሌላውን ሲከፍት በዐይናችን አይተናል።»

ልዑኩ በራሱ ቁልፎች ላይ ሞክሮ፣ ከሰዓት በኋላ ሁለቱን መስመሮች ራሱ መልሶ ወሰደ፤ መንታነቱን እንዳላሰበበትም በግልጽ ጻፈ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ የተቻኮለ እንጂ። ዐሥራ አራቱ አውራ ጣቶች ወደ መጡበት ሄዱ። ኩባንያውም አዲሱን ሶፍትዌር ሲያወጣ ስለዚህ ሁሉ ዘመቻ «ልዩ ልዩ ጥቃቅን ማሻሻያዎች» ብሎ ጻፈ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ቀን ባለቤታቸው ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች፣ ዛሬ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ እንደነበር ነገረቻቸው። ስለ በሩ አላነሣችም። እርሳቸውም አልጠየቁም፤ ነገር ግን ፊታቸው እስከ ጆሯቸው ድረስ ሲቀላ አማታቸው አይተዋል።

ስለዚህ እናወድሳቸዋለን፤ ዐቃቤ ዕጣ፣ ጎተራ ሳይሞላ የማያፍሱ፣ በአውራ ጣት ብዛት የማይፈቱ፣ በመድኃኒት ቤት ካርቶን ላይ ወድቀው ከካርቶኑ የተነሡ፣ የገዛ ስማቸውን በጥፋት መዝገብ አንብበው በአደባባይ የደገሙ፣ አንዲት መስመር ከሠላሳ ስምንት ወደ ሰባ ዘጠኝ ያወረዱ፣ ኀያል ወመስተዐግሥ፣ ብርቱና ታጋሽ። የሌሎች ጀግኖች ዜና የፈረሰ ቅጥርና የተማረከ ከተማ ይቆጥራል። የእርሳቸውን ስንቆጥር ግን፣ በዚያ ዓመት በማናውቃቸው ከተሞች መብራት ስንት ጊዜ ጠፋ፣ ስንት ጊዜ መጣ፤ ስንት ነርስ ቁም ሳጥን ከፍታ የምትፈልገውን አውጥታ ዘጋች፤ ስንት እናት ሽሮፗን ተቀብላ ሄደች፤ ምንም አልሆነም።