ለእህቴ የሚሆን የስፓኒሽ ቃል

በየትኛውም ከተማ፣ የቸኮለውን ሁሉ በአንዲት ቃል ገትሮ የሚያቆም ሰው አይጠፋም። የእኛ ከተማው ሰው የስፓኒሽ ተርጓሚው ናቸው። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ይሠራሉ። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ክቡር ሚዛን እንላቸዋለን። የሠርግ ጥሪ ሊያስተረጉም የሄደ ሙሽራ ጥሪውን የተረከበው የመጀመሪያ ልጁን ታቅፎ ነው ይባላል። ለሚያጣድፋቸው ሰው መልሳቸው አንድ ነው፦ "የበሰለ ቃል ልስጥህ ወይስ ጥሬውን?"

እህቴ ሰው ሠራሽ እግር ትሠራለች። ስፓኒሽ የሚነገርበት አገር ያለ ሆስፒታል ለሥልጠና አንድ ባለሙያ ይፈልጋል፤ የድጋፍ ደብዳቤዋ እስከ አሥር ሰዓት ካልደረሰ ዕድሉ ያልፋታል። አለቃዋ የጻፉላትን ሰባት መስመር ይዤ በስምንት ሰዓት ከች አልኩባቸው።

ስድስቱን በሩብ ሰዓት ጨረሱ። ሰባተኛው "ልዩ ተሰጥኦ ያላት ባለሙያ ናት" ይላል። እዚያ ላይ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

"'ሄኒዮ' ልበላት? እሱ በመቶ ዓመት አንዴ ለሚወለድ ነው። 'ፕሮዲሂዮ' ስል ደግሞ ፒያኖ የሚጫወት ሕፃን ይመጣብኛል። 'ታሌንቶሳ'ን ተወው፤ የማይባል ሰው የለም።"

"ጋሼ፣ የፈለጉትን ይበሏት! ሰዓቱ እኮ ሄደ!"

"አንተማ ወንድሟ ነህ፣ ምንም ብትላት ያምርብሃል። እኔ ያላየሁትን ሰው አላወድስም። የት ነው የምትሠራው?"

ኮታቸውን አነሱ። በሆዴ እየተራገምኩ ተከተልኳቸው።

ወርክሾፑ በጄሶ አቧራ ነጥቷል። አንድ ጡረተኛ ሹፌር አዲስ እግሩን አጥልቆ ሁለት የብረት ድጋፎች ጨብጧል። እህቴ ጀርባዋን ሰጥታው መሣሪያ ትፈልጋለች።

"ይራመዱ አባባ።"

አራት እርምጃ ሄደ። ዞራም አላየችው። "ተረከዙ ከፍ ብሏል" አለች፤ እግሩን አውልቃ ሦስት ጊዜ ሞረደችና መለሰችለት። ሹፌሩ ብረቱን ለቀቀ። እስከ ግድግዳው ሄዶ ተመለሰና ቁልቁል አየ።

"የማን እግር ነው ይሄ?"

"የእርስዎ ነዋ!"

ክቡር ሚዛን በሩ ጋ ቆመዋል። እህቴ ከጠረጴዛዋ ቀና ሳትል፣ "በሩ ጋ ያሉት ጋሼ፣ ሲገቡ ሰማሁዎት፤ ግራ እግርዎ ያጥራል። ወገብዎን ያምዎታል አይደል?" አለቻቸው።

"ካመመኝ ሠላሳ ዓመቴ" አሉ ወገባቸውን ይዘው። ለሐኪምም ተናግረው አያውቁም።

ደብዳቤውን እዚያው ጄሶ የለበሰው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጻፉ፦ "ፉዌራ ዴ ሴሪዬ"።

"ምን ማለት ነው?"

"ከተርታው የወጣች።"

"ይበቃታል?"

"አይበቃትም። ግን ስፓኒሽ ያለው ይሄንኑ ነው።"

ለአሥር ሰዓት ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ላክነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መልሱ መጣ፤ ሁለት መስመር ስፓኒሽ። ደረጃውን በሩጫ ወጥቼ ሰጠኋቸው። አነበቡ፤ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አነበቡ።

"ተቀብለዋታል" አሉ። "ስለ እሷ ያሉትን ግን በጥሬው አልነግርህም። እስከ ነገ ጊዜ ስጠኝ።"

ሰጠኋቸው።