ቢጠፋ ሃያ በሬ

የዕቃ ዋጋ የሚታወቀው መቼ ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። ሲገዛ እንዳልል፣ ገዢ ሁልጊዜ ተታለልሁ ባይ ነው። ሲሸጥ እንዳልል፣ ሻጭ ይብሳል። እናንተም ቤት አፉ የተሸረፈ አንድ ገንቦ አይጠፋም፤ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ጎረቤት የሰበረው ዕለት ግን ከንጉሥ ግምጃ ቤት የወጣ ይሆናል። እኔን ግራ ያጋባኝ ግን ገንቦ አይደለም። አውቶሞቢል ነው።

አውቶሞቢሉ የእሜቴ ጥሩወርቅ ነበር። ባላቸው፣ የእኔ የክርስትና አባት፣ ጣሊያን ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት አስፈትተው፣ በሰው ትከሻ አሸክመው፣ ያኔ ወጀት በምንላት በዛሬዋ ፍኖተ ሰላም በኩል ቡሬ ያስገቡት ነው። እሳቸው ሲሞቱ የሚነዳው ጠፋ፤ ቤንዚኑም አለቀ። እሜቴ ግን ጎማው እንዳይደርቅ እያሉ ለጋ ቅቤ ያስቀቡት ነበር። የባላቸው ነገር ሆኖባቸው ነው፤ ማን ይፈርድባቸዋል?

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገባ የተባለ ጊዜ እሜቴ ከራሳቸው ይልቅ ለአውቶሞቢሉ ደነገጡ። ቡሬ መንገድ ላይ ናት፤ የእኔ ቤት ደግሞ ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ከመንገድ ገባ ያለ ነው። በበሬ አስጎትተው አመጡልኝና "ልጄ፣ አደራ" አሉኝ። "እሺ" አልሁ። እዚህ ላይ ቢበቃ ምን ነበረበት? አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ? ለእሜቴ ግን ሰማዩ ትንሽ ሳይርቅባቸው አልቀረም፤ ዋስ ጥራ አሉኝ። ቢጠፋ፣ ቢቃጠል፣ ቢወረስ የምከፍለው ከአሁኑ ተቆርጦ ይታወቅ ተባለ።

ጭንቄን አያችሁልኝ? ዋጋውን ዝቅ አድርጌ ብጠራ የክርስትና አባቴን ንብረት አቃለልሁ። ከፍ አድርጌ ብጠራ በገዛ አፌ ቤቴን አፈረስሁ። ዋስ የሆኑኝ ደግሞ አማቴ ናቸው፤ እኔ መክፈል ካቃተኝ በሬያቸው ይነዳል፣ በሬያቸው ከተነዳ ልጃቸውን ይወስዳሉ። ስንዱን ካገባኋት ዓመት አልሞላኝም ነበር። እወዳታለሁ።

ለግምቱ ሁለት ሽማግሌ ተቀመጠ፤ የደብራችን ቄስ መምሬ ላቀውና የቡሬው በቅሎ ነጋዴ ሐጂ ሰይድ። ሐጂ የአውቶሞቢሉን የፊት ክዳን አስከፈቱና የበቅሎ አፍ እንደሚፈትሹ ሁሉ አጎንብሰው ጥርስ ፈለጉ። ጥርስ ያለው ብረት አላጡም፤ በጣታቸው ዳሰሱት።

"አልቋል" አሉ። "ያረጀ ነገር እያደር ይረክሳል እንጂ መቼ ይወደዳል?"

መምሬ ላቀው ራሳቸውን ነቀነቁ። "በቅሎ ነው ማን አለዎት? ይኸ እንደ ብራና መጽሐፍ ነው። ጸሐፊውም ሞቷል፣ ፍየሉም ሞቷል፤ ሌላ አይገኝም። ባረጀ ቁጥር ይከብራል።"

"መጽሐፍስ ይነበባል፤ ይኸ ምን ይሠራል?"

"መጽሐፉንስ ሁሉ ያነበዋል እንዴ? ይሳለመዋል እንጂ።"

ሐጂ ሲናገሩ ሐጂ እውነታቸውን ነው እላለሁ፤ መምሬ ሲናገሩ ደግሞ መምሬ። ዛሬም እንደዚያው ነኝ። በመጨረሻ፣ ጠገራ ብሩ እየተደበቀ፣ ጣሊያን ሊሬ የሚለውን ገና ያየው ሳይኖር በምን ገንዘብ ይቆረጣል ተባለና በበሬ ይሁን ተባለ። እሜቴ "ሃያ" አሉ። ሐጂ ሳቁ። መምሬ "ይገባዋል" አሉ። እኔ ደግሞ ከእናት ከማላሳንሳቸው ሴት ጋር መከራከር አፍሬ "ይሁን" አልሁ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

ከዚያ ወዲያ ኑሮዬ ኑሮ አልነበረም። አውቶሞቢሉን የጤፍ ጭድ ከመርሁበት። ባንዳ ጠመንጃ ፍለጋ ሲመጣ አገሩ ሁሉ ወደ ቆላ ይሸሻል፤ እኔ ጭዱ ላይ ተጋድሜ የታመመ እመስላለሁ። ስንዱ "ለመሆኑ ያገባኸው እኔን ነው እሱን?" ትለኝ ነበር። ቢጨንቀኝ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ሙክት ተሳልሁ፤ ብቻ አይጥፋብኝ።

አልጠፋም። ጣሊያን ለቆ ሲወጣ አንድ ጭረት አልነበረበትም። በደስታ ወደ ቡሬ ገሰገስሁ። እሜቴን ባዶ በረታቸው ደጃፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከብታቸውን ወታደር አርዶ በልቶታል፤ መሬታቸው ጦም አድሯል፤ የእርሻ ወራት ደርሷል።

"እሜቴ፣ እንኳን ደስ ያለዎ! አልጠፋም!"

ፊታቸው ጠቆረ። "አልጠፋም?"

"ብሎን እንኳ አልጎደለም።"

"አይ ልጄ። እኔ እኮ ለጊዮርጊስ ስለት ነበረብኝ።"

"እንዲጠበቅ?"

"እንዲጠፋ።"

ሰማዕቱ በሁለታችን መካከል እንዴት እንደ ከረመ አስቡት። እኔ ግን ያኔ አልሳቅሁም፤ ከፋኝ። "ቤቴ ይፍረስ ብለው ነው የተሳሉት?" አልኋቸው።

"ያንተን ቤት መቼ አሰብሁት፤ ሃያውን በሬ ነው ያሰብሁ። የቸገረው ሰው በሬውን እንጂ ባለቤቱን አያይም" አሉና አለቀሱ።

አውቶሞቢሉ ይሸጥ ብለን ያንኑ ሁለት ሽማግሌ አስቀመጥን። ዞረው ዞረው አዩት። ሐጂ በአንድ በሬ እንኳ የሚገዛ አላውቅም አሉ። ይህን ጊዜ ለመምሬ ላቀው "አባቴ፣ ሃያ ብለን አልነበረም?" ብላቸው፣

"ሃያ ያልነው የጠፋውን ነው" አሉኝ፤ "ይኸ የተገኘው ነው።"

ሙክቱን አግብቼ ስለቴን ጨረስሁ። በማግስቱ ከሁለቱ በሬዎቼ አንዱን ፈታሁ፤ ለእሜቴ አንድ፣ ለእኔ አንድ ከሆነ እያቀናጀን በየተራ እናርሳለን ብዬ ነው። ስንዱ ከበሩ ላይ ቆመች።

"ስጦታ ነው ብድር?" አለችኝ።

እንዳላውቀው ታውቃለች። በሬው ገመዱን እየጎተተ መንገድ ጀምሯል።

"መጀመሪያ ይታረስ" አልኋት።