ዓለምን የዋጠችው ነጥብ

ትዳር የሚያፈርሰው መጠጥ ነው የምትሉ ሰዎች ነጥብን አታውቋትም። እኔ በአንዲት ነጥብ የአርባ ዓመት ትዳር ላፈርስ ነበር… ያውም የመሪጌታን!

መሪጌታ ጎረቤቴ ናቸው። የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው እኔ በኮምፒዩተር ተየብሁላቸው። ረቂቁን ሲያዩ አንድ ነገር ብቻ ቅር አላቸው፤ «ዓ.ም» እያልሁ ማሳጠሬ። ምሕረት አይቆራረጥም፣ ሁሉም ቦታ «ዓመተ ምሕረት» ተብሎ ይሞላ አሉኝ።

አንድ በአንድ ማረሙ ታከተኝ። እንጀራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነውና፣ ፐርል በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ «ዓ.ም»ን እየፈለግህ በ«ዓመተ ምሕረት» ተካ የሚል አንድ መስመር ጻፍሁ። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ አለቀ። ሳላነበው አትሜና አስጠርዤ ለባለቤታቸው ለእማማ ዓለም ሰጠሁ፤ መሪጌታ ለአገልግሎት ወደ ደሴት ገዳም ተሻግረው ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!

እማማ ዓለም ዓይናቸው ስለደከመ ልጃቸው ሰናይት ታነብላቸው ጀመር። ዘጠነኛው ገጽ ላይ «ዓመተ ምሕረትን ቆላ ድባ ገበያ ባየኋት ቀን ያጠናሁት ዜማ ሁሉ ጠፋኝ» የሚል መጣ። እስቲ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት… ለጆሮ «አመተ ምሕረት» ቁርጥ የሴት የክርስትና ስም አይደለም?

እማማ ዓለም ይብቃ አሉ። እሳቸው እስከሚያውቁት፣ መሪጌታ ከሠርጋቸው ቀን በፊት አይተዋቸው አያውቁም፤ እንግዲህ የገበያዋ ሴት ሌላ ናት።

በማግስቱ የባላቸውን ልብስ በማዳበሪያ ቋጥረው፣ እኔን ለምስክርነት አስከትለው ወደቡ ላይ ቆሙ። መሪጌታ ከጀልባ እንደወረዱ፣ እማማ ዓለም የወትሮውን አንቱታ ትተው፦

«ስለ አመተ ምሕረት አሁኑኑ ንገረኝ።»

መሪጌታ ግራ ገባቸው። «ስንተኛውን?»

«ጭራሽ ብዙ ናቸው?»

መጽሐፉን ተቀብዬ አገላበጥሁ። «ለዘለዓለም» የሚለው እንኳ «ለዘለዓመተ ምሕረት» ሆኗል። ለካ በፐርል ነጥብ ነጥብ አይደለችም፤ «እዚህ የፈለገው ፊደል ይግባ» ማለት ናት። ማሽኑ በ«ዓ»ና በ«ም» መካከል «ለ»ን ባገኘ ቁጥር ዓለምን እየዋጠ ዓመተ ምሕረት ሲተፋ ኖሯል። ከነጥቧ በፊት ወደ ኋላ ያጋደለች አንዲት ጭረት ባኖር ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ይህን ለእማማ ዓለም ማስረዳት ቅኔ ከመቁጠር ይከብዳል። ዝም ብዬ ጭረቷን አኖርሁና ከረቂቁ እንደገና አትሜ ቤታቸው ወሰድሁላቸው። መሪጌታ አጠገባቸው ተቀምጠው ሰናይት አነበበች፤ «ዓለምን ቆላ ድባ ገበያ ባየኋት ቀን…»

እማማ ዓለም ያን ቀን ቀይ ነጠላ ለብሰው እንደነበር ለራሳቸው አጉተመተሙ። ከዚያ መጽሐፉን ከልጃቸው ተቀብለው ባላቸው ጉልበት ላይ አኖሩት።

«እርስዎ ያንብቡልኝ።»

በመቶ ሰው ፊት ድምፃቸው የማይሰበር መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ መነጽራቸውን ወለወሉ፣ ውኃ ጠየቁ። በመጨረሻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፦

«ልጄ፣ ያ ዕቃህ ይቺን ገጽ ብቻ ወደ ግእዝ አይመልሳትም?»