ምልዓተ ጉባኤ ያልሞላለት ሰርቨር

በጋይንት ምድር፣ ለክብሯ ስንል ስሟን በማንጠራት ከተማ፣ የመሬት ይዞታ መረጃ የሚያደራጅ አንድ ጽሕፈት ቤት ነበረ። ነበረ ስንል ዝም ብሎ አልነበረም፤ በዕቅድ፣ በዕቅዱ ክለሳና በክለሳው ግምገማ ተደግፎ ነበረ። ኃላፊው አቶ እንዳልካቸው ከሁለት ዓመት በፊት ከስማዳ በኩል በዝውውር የመጡ፣ የሥራ ሰዓት የሚያከብሩ፣ ስብሰባን ደግሞ ከሥራ ሰዓት አብልጠው የሚያከብሩ ሰው ናቸው።

የጽሕፈት ቤቱ መዝገብ በሙሉ ያለው ክላውድ ላይ ነው፤ ማለትም ባሕር ማዶ በተከራዩት አንድ የሊኑክስ ሰርቨር ላይ። በዓይኑ ያየው ሰው የለም። የምትንከባከበው የኮምፒውተር ባለሙያዋ ትርሲት እንኳ የምታውቀው በኢንተርኔት ብቻ ነው። ሆኖም ሁለት ዓመት ሙሉ ለቅሶ አለብኝ ብሎ ያልቀረ፣ ስለ አበል ያልተጨቃጨቀ ብቸኛው የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ እሱ ነበር።

ታዲያ በ2008 ዓ.ም. ካይዘን የሚባል የጃፓኖች የአሠራር ዘዴ መጣና የማያስፈልግ ነገር ሁሉ ይወገድ ተባለ። እግሩ የተሰበረ ወንበር ወጣ፤ ፊደሏ ያለቀ የጽሕፈት መኪናም ወጣች። አቶ እንዳልካቸው ግን በዚህ አልረኩም።

«ሰርቨሩስ? እሱ ላይ የማያስፈልግ ነገር ጠፍቶ ነው?»

«ሁለተኛ ዲስክ አለው፤ ባዶ ነው» አለች ትርሲት።

«ይወገድ!»

«ይወገዳል። ግን ሰርቨሩ በተነሣ ቁጥር ስማቸውን እየጠራ የሚያሰልፋቸው ዲስኮች ዝርዝር አለው። የዚህንም ስም አብሬ ልሰርዘው፤ አለዚያ ሲነሣ...»

«ቆይ፣ ቆይ!» አቶ እንዳልካቸው እጃቸውን አነሡ። «ዕቃ ማስወገድ የኃላፊ ሥልጣን ነው። ከዝርዝር ላይ ስም መሰረዝ ግን የኮሚቴ ሥልጣን ነው። በሕግ አምላክ!»

ዲስኩ ወጣ፤ የስሙ ጉዳይ ለኮሚቴ ተመራ። ሰርቨሩ ጠፍቶ እስካልተነሣ ድረስም ምንም አልተፈጠረም። አንድ ሐሙስ ግን የአቶ እንዳልካቸው ኮምፒውተር ተንቀራፈፈባቸውና፣ «ሰርቨሩን አጥፍተሽ አብሪው፤ የቤቴ ሬዲዮ የሚስተካከለው እንደዚያ ሲደረግ ነው» የሚል ሳይንሳዊ መመሪያ ሰጡ። ትርሲት አጠፋችው። ማጥፋቱ ያለ ምንም ችግር ተሳካ።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ወይዘሮ ተሾመች አራት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው ደረሱ። ባላቸው የሞተባቸው ገበሬ ናቸው።

«የባሌ ወንድም ወሰኔን ገፍቶ እስከ ወይራዋ ድረስ አረሰብኝ፤ የይዞታ ደብተሬንም እሱው ነው የደበቀብኝ። ሰኞ ችሎት ነው። ዳኛው የይዞታሽን ቅጂ ካላመጣሽ መዝገቡን እዘጋዋለሁ ብለውኛል። እባክሽ አትሚልኝ ልጄ።»

ትርሲት ከትናንት ጀምሮ አልነሣ ያላትን ሰርቨር እንደገና እንዲነሣ አዘዘችና ሁኔታውን ከሩቅ የሚያሳየውን መስኮት ከፈተች። «ዲስክ በመጠበቅ ላይ» ይላል። አንድ ደቂቃ ተኩል ጠበቀ፤ ከዚያ ተስፋ ቆረጠና ዋናውን ፓስወርድ ካልሰጣችሁኝ አላነጋግርም ብሎ ቁጭ አለ።

ዋናው ፓስወርድ በታሸገ ፖስታ ውስጥ፣ ፖስታው በብረት ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑ የሚከፈተው የዚያው ኮሚቴ አምስቱም አባላት ሲሟሉ ብቻ ነው። ከአምስቱ አንዱ ፈንታው የሚባል የሰነድ ሠራተኛ ሲሆን፣ አቶ እንዳልካቸው በመጡበት ዕለት እሱ ስሙ ከአባላቱ ዝርዝር ሳይሰረዝ በልውውጥ ወደ ስማዳ ሄዷል። ኮሚቴው ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በየዓርቡ ሦስት ሰዓት ላይ ይቀመጣል፣ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል፣ «ምልዓተ ጉባኤ ባለመሙላቱ» የሚል ቃለ ጉባኤ ይይዝና ይበተናል። እንዲህ ያለ ጽናት በየትም አይገኝም።

በዚያም ዓርብ ተቀመጡ።

«ፈንታው ዛሬም አልመጣም?» አሉ የሕዝብ ተወካዩ መሪጌታ አዳነ።

«በደብዳቤ ተጠርቷል» አሉ አቶ እንዳልካቸው።

«ምን ብሎ መለሰ?»

«መልሱ ለኮሚቴው የተጻፈ ስለሆነ የሚከፈተው ኮሚቴው ሲሟላ ነው።»

«ኧረ በጊዮርጊስ! ድጓ ቤት አንድ ተማሪ ጎደለ ተብሎ ማሕሌት አይቀርም እኮ!»

«ማሕሌት ቃለ ጉባኤ የለውማ፣ መሪጌታ።»

የሰርቨሩን ችግር ልታስረዳ የገባችው ትርሲት ሳቋ መጣ። ወዲያው ደጅ የተቀመጡት ወይዘሮ ተሾመች ትዝ አሏትና ሳቁ ወደ ንዴት ተለወጠ።

«ፖስታውን ሳንነካ ላስነሣው እችላለሁ» አለች። «የሰርቨሩን ዋና ዲስክ ከዚሁ ሆኜ በኢንተርኔት ነቅዬ፣ እዚያው ለአንድ ቀን በምንከራየው ሌላ ጤነኛ ሰርቨር ላይ እሰካዋለሁ። እዚያ ሆኜ ዝርዝሩን አስተካክልና ዲስኩን ወደ ቦታው እመልሳለሁ።»

«ስም መሰረዝ ግን...»

«አልሰርዝም። ከፊቱ አንዲት ምልክት አደርጋለሁ። ስሙ እንዳለ ይቀመጣል፤ ሰርቨሩ ግን አያነበውም።»

አቶ እንዳልካቸው ጣራውን እያዩ በጥልቀት አሰቡ። «መሰረዝ ካልሆነ ማቆየት ነው። ማቆየት ደግሞ የኃላፊ ሥልጣን ነው። ቀጥይ!»

ኢንተርኔቱ እየሄደ እየመጣ ቀኑን ፈጀው። ወይዘሮ ተሾመች ከትርሲት አጠገብ ተቀምጠው ቆሎ እያቀመሷት፣ «አሁንስ ምን እያለ ነው?» ይሏታል፤ እሷም ታስረዳቸዋለች። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ምልክቷን አደረገች፣ ዲስኩን መለሰች፣ አስነሣችው። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ተነሣ! ቅጂው ታተመ፤ አቶ እንዳልካቸው ማኅተሙን እንደ ጳጳስ ባርከው አሳረፉበት። ወይዘሮ ተሾመች እልልታቸውን አቀለጡት።

አቶ እንዳልካቸው በእልልታው ተነቃቅተው ኮሚቴውን እዚያው በአስቸኳይ ሰበሰቡና ንግግር አደረጉ። «ይህ ሰርቨር የለየለት ቂል ነው! ስሙ ዝርዝር ላይ ስላለ ብቻ፣ የሄደን ነገር ይመጣል ብሎ ሥራ አቁሞ ይጠብቃል? ሕዝብ እያጉላላ? ይህን ኋላ ቀርነት የሚያወግዝ ውሳኔ እናሳልፋለን። ለፈንታው ግማሽ ሰዓት እንስጠውና እንጀምራለን።»

መሪጌታ አዳነ ጥምጥማቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉ።

«ይህ ፈንታው የምትሉት ሰው ስልክ የለውም?» አሉ ወይዘሮ ተሾመች ከበሩ ሆነው።

በሁለት ዓመት ውስጥ ይህ ሐሳብ ለማንም አልመጣለትም ነበር። ትርሲት ደወለችና ድምፁን ለሁሉም ከፈተችው።

«ሃሎ ትርሲት! ቶሎ በይ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ።»

«እኛም አንተን እየጠበቅን ነው እኮ፤ ሁለት ዓመታችን!»

«እንዴት ብዬ ልምጣ? እዚህም ሣጥን የሚከፍት ኮሚቴ ውስጥ አስገቡኝ። አንድ አባል ጎድሎብን ሁለት ዓመት ሙሉ በየዓርቡ ቁጭ ብለን እንጠብቀዋለን።»

«ማንን?»

«አቶ እንዳልካቸውን ነዋ! እናንተ ዘንድ ናቸው አሉ፤ ለምንድን ነው የማይመጡት?»

ዓይን ሁሉ ወደ አቶ እንዳልካቸው ዞረ። እሳቸው መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥሎ ከረቫታቸውን አስተካከሉ፤ በመጨረሻ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ስልኩን ተቀበሉ።

«ፈንታው፣ እንዳልካቸው ነኝ። ስሜ አሁንም ዝርዝሩ ላይ አለ?»

«አንደኛ ተራ ላይ ነው፣ ጌታዬ።»

«እግዜር ይስጣችሁ! አደራ፣ እንዳትሰርዙት።»

ስልኩን መለሱ፤ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ሰዓታቸውን እያዩ ፈንታውን መጠበቅ ጀመሩ።

ወይዘሮ ተሾመች ወረቀታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ትርሲት ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ያ ዕቃሽ ተስፋ እስኪቆርጥ ስንት ጠበቀ ነው ያልሽኝ?»

«አንድ ደቂቃ ተኩል።»

«ታዲያ ምናለ» አሉ ወደ አቶ እንዳልካቸው እያዩ፣ «እሱን ብትሾሙት?»