የሰፈራችን የመጀመሪያ ቧንቧ

ዝናብ ሲጥል ማንንም አይጠይቅም፤ ደሃ ሀብታም ሳይል ይወርዳል። ውሃ ቧንቧ ውስጥ ሲገባ ግን፣ ልጆቼ፣ ጠባዩ ይለወጣል፤ መታወቂያ አምጡ፣ የቤት ካርታ አምጡ፣ ጉርድ ፎቶ አምጡ ይላል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ሰምታችኋል። እንግዲህ ጭላሎ ግርጌ ተቀምጠን፣ የዓመቱን እኩሌታ ጭቃ እየረገጥን ውሃ የምንገዛ የአሰላ ሰዎችንም ጨምሩበት።

የዛሬ ዓመት ገደማ የውሃ ቢሮ ሰዎች ሰበሰቡን። አሮጌው መስመር ዝጎ ስላለቀ ይዘጋል፤ አዲሱ ትልቅ መስመር አስፋልቱ ዳር ደርሷል፤ ከዚያ እስከ ደጃፋችሁ ያለውን ቧንቧ፣ ቆጣሪውንና ቁፋሮውን እናንተ ከኪሳችሁ ትችላላችሁ አሉን። አጨበጨብን። ማጨብጨብ ምን ወጪ አለው?

ከዚያ ሁላችንም ቤታችን ገብተን መጠበቅ ያዝን። ምን እንደምንጠብቅ ማንም አልተናገረም፤ እኔም ስለምጠብቅ ግን አውቀዋለሁ። በእኛ ሰፈር ጎረቤትን ውሃ መከልከል ነውር ነው። ስለዚህ አንዱ ካስገባ ሁሉም አስገባ ማለት ነው። የቀረን ያንን አንዱን ማግኘት ብቻ ነበር።

የእኔ ዓይን ያረፈው ኦቦ ቱፋ ላይ ነው። አጥር የሚለየን ጎረቤቴ ናቸው፤ ስንዴ ይነግዳሉ። በሄድኩ ቁጥር፣ እንዲህ ያለ ግቢ ያለ ቧንቧ አያምርበትም እያልኩ ቤታቸውን አወድሳለሁ። እሳቸውም በተራቸው መጥተው፣ በዚህ ዕድሜዎ ጀሪካን መሸከም ይገባዎታል ወይ እያሉ ያዝኑልኛል። ተዛዝነን እንለያያለን።

አሮጌው መስመር እውነትም ተዘጋ። በአህያ ጋሪ የሚመጣው ውሃ እንደ ማር ተወደደ፣ ጉልበቴም ከዳኝ። አንዲት ጊደር ነበረችኝ፤ ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል። አሮጊቷ ላሜ ነጥፋለችና የቤቴ ወተት ተስፋ እሷ ነበረች። እያለቀስኩ ለአንድ የኢተያ ነጋዴ ሸጥኳት። ሰውየው ልቤ አለመቁረጡን አይቶ፣ እስከ ቀትር እዚሁ ገበያው ውስጥ ነኝ፤ ከተጸጸቱ ብሬን መልሰው ጊደርዎን ይውሰዱ አለኝ።

የውሃ ቢሮው መክፈያ መስኮት ጋ ስደርስ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ኦቦ ቱፋን! ብራቸውን በፌስታል ይዘው ቆመዋል። ልቤ ዘለለች። እሳቸው ከከፈሉ እኔ ወደ ገበያ መሮጥ ነው።

«ይክፈሉ እንጂ ኦቦ ቱፋ፤ ቀድመውኝ ነው የመጡት» አልኩ።

«እርስዎ ቆመው? አያደርገውም፣ አዴ ብርቄ።»

«ወንድ እያለ ሴት አትቀድምም።»

«እናት እያለች ማን ይቀድማል?»

ፌስታላቸውን ጭብጥ አድርገው ይዘዋል፤ እኔም የነጠላዬን ጫፍ የቋጠርኩበት አልፈታም። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ መቼም አሳዳጊ አልበደላትም፤ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«እማማ፣ እርስዎን አቁሜ ሌላ ሰው አላስተናግድም።»

አጠገቤ የቆመች ሴት ቋጠሮዬን ፈታችልኝ፤ ልጅቷ ብሩን ቆጥራ ወሰደች፣ አውራ ጣቴንም ቀለም አስነክታ አስፈረመችኝ። ታላላቆቻችሁን አክብሩ እያልኩ ስመክር ኖሬ፣ ይኸው ምክሬ ሰምሮ ጊደሬን በላብኝ።

ኦቦ ቱፋ ፌስታላቸውን በጥንቃቄ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «እንኳን ደስ ያለዎት» አሉኝ። «እኔ እንኳ ሌላ ቀን ብመለስም አይከፋም።»

ተቀየምሽ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ቧንቧ አስገብቶ ጎረቤት መቀየም ይቻላል? ደግሞስ እሳቸው ያደረጉት እኔ ያሰብኩትን አይደል?

ውሃው በመጣ ማግስት ጠዋት በሬን ስከፍት የሰፈሩ ጀሪካን እስከ መንገዱ ተሰልፏል። ከሁሉም ፊት የቆመው የኦቦ ቱፋ ነበር።