ጋሽ በቃ ዝም ያሉባቸው ቀናት

መኪና የኋላ ማርሽ ገብቶለት አንድ ሰው ከየት መጣ ሳይባል ከኋላው ቆሞ እጁን ካላወዛወዘ፣ ያ መንገድ ሰው አይኖርበትም ማለት ነው። ይህ ሰው አልተቀጠረም፣ አልተለመነም፣ ብዙውን ጊዜም መንጃ ፈቃድ የለውም። ግን «ና፣ ና፣ ና… ቀስ… በቃ!» ሳይል ካለፈ የዚያን ቀን ምሳ አይወርድለትም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ምናልባት አማታችሁ ነው። ምናልባትም፣ አያድርስ ነው እንጂ፣ ራሳችሁ ናችሁ።

እኔ በበያጅነት የምሠራበት ብረታ ብረት ቤት የዚህ ዓይነት ሰዎችን ሁሉ አለቃ በፎርማንነት ይዟል። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው መታወቂያቸው ብቻ ነው፤ እኛ ጋሽ በቃ እንላቸዋለን። የኋሊት ጉዞ ጠቅላይ አዛዥ፣ የጠባብ በር ሊቅ፣ ክቡር ጋሽ በቃ።

ወደ ኋላ የሚሄድ ነገር ሁሉ ይመለከታቸዋል። አውቶቡስ ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ አሥራ ሁለት ረድፍ ፊት ያለውን ሾፌር አስቁመውታል፤ ሾፌሩም ታዟል። ጥርሳቸውን ሊነቀሉ ሄደው፣ ወንበሩ ወደ ኋላ ሲጋደም «ቀስ… ቀስ… በቃ!» ብለው ነቃዩን ጉጠቱን አስጥለውታል። ጎረቤት ሞቶ ቀብር ላይ፣ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ሳለ፣ ሳጥኑ ሲወርድ «ትንሽ ወደ ግራ… ና… በቃ!» አሉ። እኔ መሬት ተከፍታ እኔንም ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። የሟች ወንድም ግን በኋላ መጥቶ እጃቸውን ጨበጠ። እውነትም ሳጥኑ ጠርዙን ሊመታ ነበር።

ድምፃቸው ደግሞ! ሦስት ግራይንደር ባንድ ላይ እየጮኸ በላዩ አልፎ ይሄዳል። ከሁለት መንገድ ማዶ መኪናዋን ታቆም የነበረች ሴትዮ የጋሽ በቃን «በቃ!» ሰምታ ፍሬን ረግጣ፣ ከኋላዋ ታክሲ ገጫት ይባላል። አላየሁም፤ ግን በብየዳ መነጽሬ እምላለሁ።

ሳንባቸው የዚህ ድምፅ እኩያ አይደለም። ሠላሳ አራት ዓመት የብየዳ ጭስና የብረት ብናኝ፣ በላዩ ላይ ከአሥር ዓመት በፊት እስኪተዉት ድረስ ሲጋራ። የአየር መተላለፊያው ጠቧል፣ የማይድን ግን የሚያዝ በሽታ ነው ተብለዋል። ተላምደውታል። ደረጃ በሁለት ዙር ይወጣሉ፤ መሀል ላይ ሲቆሙ ትንፋሽ የሚሰበስቡ ሳይሆን የመደገፊያውን ብየዳ የሚመረምሩ ይመስላሉ። «ማነው ይቺን የበየዳት?» ይላሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ጠዋትና ማታ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ይወስዳሉ። ሁሉም ደህና ነበር፣ ድምፃቸው እስኪሻክር።

መጀመሪያ የዛገ የበር ማጠፊያ መሰለ። ቀጥሎ ሞረድ ላሜራ ላይ ሲሄድ። ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ፒክአፕ ወደ ኋላ እየገባ፣ ጋሽ በቃ አፋቸውን ከፍተው «በ…» አሉ፤ ቀሪው የሚተነፍስ ጎማ ሆነ። ፒክአፑም ብየዳው አልቆ ቀለም ይጠብቅ የነበረውን የውኃ ታንከር ገጨው። ሰው አልተጎዳም። ታንከሩ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ክብ መሆኑን ትቷል።

ባለ ድርጅቱ ከቢሮው ወጣ። የቀድሞው ባለ ድርጅት ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ሦስት ጎማ ሳይክሉን ወደ ኋላ ሲገፋ ጋሽ በቃ «በቃ!» እያሉ ከግድግዳ ያዳኑት።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ አይቀየሙኝ» አለ። «በአሥራ አምስት ቀን ትልቁ የላሜራ ማጠፊያ ማሽን ይመጣል። የሚገባው በዚህ በር ነው። በግራ አራት ጣት፣ በቀኝ አራት ጣት ነው ያለን። ያን ቀን ድምፅ ያለው ፎርማን ያስፈልገኛል። ድምፅዎ ከተመለሰ እርስዎ ነዎት። ካልተመለሰ… ዕቃ ክፍሉ መስኮት ጋ ጥሩ ወንበር አለ። ቁጭ ብለው ብሎን ያድላሉ።»

ጋሽ በቃ ዞረው የዕቃ ክፍሉን መስኮት አዩት። ከግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ነው። አንድ መኪና፣ አንድ ጋሪ እንኳ አይታይበትም።

ሐኪም ቤት አብሬያቸው የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ሕመማቸውን የሚናገርላቸው ሰው ያስፈልግ ነበርና። ሐኪሟ ወጣት ናት። በአፍንጫቸው ቀጭን ካሜራ አስገብታ ጉሮሯቸውን አየች። (ካሜራው ሲገባ እጃቸው ምልክት ይሰጥ ነበር፤ ሲደርስ በመዳፋቸው አስቆሟት።)

«የሚያስፈራ ነገር የለም» አለች። «ግን ጉሮሮዎ ነጭ ነጭ ነገር አውጥቷል። መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱት እስቲ ያሳዩኝ።»

አሳዩዋት። ሳቡ፣ ያዙ፣ አስወጡ፣ ክዳኑን ገጠሙ፣ ከንፈራቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወደ ሥራ» አልኩላቸው እኔ።

«አፍዎን አይጉመጠመጡም? ተጉመጥምጠው ይትፉ አልተባሉም?»

ጋሽ በቃ በተከበረ ቁጣ ቀና አሉ። «ልጄ» አሉ፣ እንደ ሞረድ። «ጸረ ዝገት… ቀብቶ… በውኃ የሚያጥብ… ማነው?»

እንግዲህ ይህ ነበር ነገሩ። ለዓመታት «ይጉመጥመጡ» ሲባሉ በልባቸው «እነዚህ ሰዎች ቀለም አያውቁም» እያሉ ኖረዋል። የተቀባ ነገር እስኪደርቅ አይነካማ! ከመድኃኒቱ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ውኃ እንኳ የማይጠጡት ለካ ጉሮሯቸው እንዲደርቅ ነው።

እኔ ልስቅ ስል ሐኪሟ አልሳቀችም። «ልክ ነዎት» አለች። «ግን የሚቀባው በር ሳንባዎ ነው። ጉሮሮዎ የበሩ መስታወት ነው። በር ሲቀቡ መስታወቱ ላይ የተንጠባጠበውን አይጠርጉም?»

ጋሽ በቃ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ሥራ… ታውቃለች» አሉ። አብረን በሠራንበት አሥራ አንድ ዓመት ለእኔ ብለውት የማያውቁትን!

ትእዛዙ ረዘመ። ለጉሮሮው መድኃኒት። የሚሳበውን በፕላስቲክ ቱቦ በኩል መውሰድ፣ ሁልጊዜም ተጉመጥምጦ መትፋት። ቶሎ ቶሎ ውኃ ፉት ማለት። ጉሮሮን «እህህም» እያሉ አለመፋቅ። መጮኽ ክልክል። ማንሾካሾክም ክልክል፣ ጉሮሮን እንደ ጩኸት ያደክማልና። የግድ ካልሆነ አለመናገር፤ የግድ ሲሆን መጀመሪያ አየር መሳብ፣ ከዚያ አጭር ቃል።

«በአሥራ አምስት ቀን… ይመለሳል?» አሉ።

«ሊሻል ይችላል። ቃል ግን አልገባልዎትም፤ ትንፋሽዎም አጭር ነው። ድምፅዎን ያስቀምጡት ብቻ።»

ጋሽ በቃም አስቀመጡት። ድምፃቸውን እንደ ሠርግ ልብስ አጣጥፈው ለአሥራ አምስተኛው ቀን አኖሩት። የእኛ መከራ የጀመረው ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ዘዴያቸው መዶሻ ነበር። የብረት ቱቦ ላይ አንዴ ሲመቱ «ና»፣ ሁለቴ «ቀስ»፣ ሦስቴ «በቃ»። ብልህ ዘዴ ነው፤ ብረት ቤት ባይሆን ኖሮ። እስከ ምሳ ድረስ ሥራው አሥራ አንድ ጊዜ ቆመ። ቀለም ቀቢው ቆርቆሮ ሲከፍት ሁላችንም ቀጥ አልን። ዘበኛው ሚስማር ሲመታ አንድ የጭነት መኪና መንገድ ላይ ቆሞ ሌላ ምልክት ጠበቀ። እኔ ራሴ ማጠፊያ ላቃና ሦስቴ መታሁና፣ በገዛ እጄ ደንግጬ ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሳሁ።

ቀጥሎ ፊሽካ መጣ። አንዴ ነፉና የቀረው ትንፋሻቸው እስኪሰበሰብ ሩብ ሰዓት ብረት መያዣው ሞርሳ አጠገብ ተቀመጡ። ፊሽካውን ሚስታቸው ወሰዱት።

ቀጥሎ ካርቶን። «ና»፣ «ቀስ»፣ «በቃ» ብለው በቀይ ቀለም ጻፉ። ሾፌሮች ግን የሚያዩት በመስታወት ስለሆነ ጽሑፉ ተገልብጦ ታያቸው። ጋሽ በቃ ችግሩ ገብቷቸው ፊደሉን ገልብጠው ጻፉት። አሁን ሾፌሩ አነበበ፤ መሬት ላይ ያለነው ግን ማንበብ አቃተን። ቀለም ቀቢው «ቋንቋ ፈጠሩ እንዴ ሰውዬው?» አለ።

በመጨረሻ አፋቸው እኔ ሆንኩ። ማንም አልመረጠኝም፤ ቅርብ ስለሆንኩ ነው። ከኋላዬ ቆመው ትከሻዬን ቆንጠጥ ሲያደርጉ እኔ እጮሃለሁ። ግራ ትከሻ ግራ፣ ቀኝ ትከሻ ቀኝ፣ ማጅራት «በቃ!»። በሦስተኛው ቀን ማጅራቴ በልዞ ቤት ገባሁ። ያም አልበቃቸውም። ከብየዳ ጠረጴዛዬ ጀርባ በቆመው ላሜራ ላይ በጠመኔ እንዲህ ብለው ጻፉልኝ፦ «‹በቃ› ስትል ጥያቄ አታስመስለው።»

«ጋሼ፣ እንዴት ነው ታዲያ የሚባለው?» አልኳቸው።

ከሥሩ ጨመሩ፦ «አይተህ በል። ካየህ አትጠራጠርም።»

በአሥረኛው ቀን ሚስታቸው ምሳ ይዘው መጥተው ጥግ ላይ ጠሩኝ። ተናደዋል ብዬ ተዘጋጀሁ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‹እረፍ አንተ ሰውዬ› ስለው ኖርኩ» አሉኝ። «አሁን ይኸው ዐረፈ። ትናንት ፍሪጁን ላጸዳ ወደ ኋላ ገፋሁት፤ እስኪያስቆመኝ ጠበቅኩ። እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ እጁን ያወዛውዛል ለካ፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ። ግድግዳውን በሳሁት።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ያ ድምፅ እንዳይጠፋ ልጄ። ከጠፋ ቤቱን ሙሉ ነው የምገጨው።»

እሳቸው ግን በማጠቢያው ቧንቧ ሥር ግዴታቸውን እየተወጡ ነበር። ሲጉመጠመጡ ልታዩ ይገባል። ውኃውን በእጃቸው ምልክት እየሰጡ ያስገቡታል፤ ና፣ ና፣ ቀስ። ጉሮሮ ላይ ሲደርስ መዳፋቸውን ዘርግተው ያስቆሙታል። ሠላሳ ይቆጥራሉ። ከዚያ ወደ ኋላ መልሰው ያስወጡታል።

አሥራ አምስተኛው ቀን ደረሰ። የጭነት መኪናው ማሽኑን ጭኖ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጠ። ጋሽ በቃ የታጠበ ጋዋን ለብሰዋል። መድኃኒታቸውን ወስደዋል፣ ተጉመጥምጠዋል፣ ውኃ ፉት ብለዋል። ድምፃቸውን አስቀድመው ይሞክሩት ብላቸው እጃቸውን አወዛወዙ፤ የታጠፈ ልብስ ከሠርጉ በፊት አይፈታም። ትከሻዬንም አልነኩም። ዛሬ ራሳቸው ናቸው። ባለ ድርጅቱ ክንዱን አጣምሮ ቆመ። እኛ አሥራ ሰባታችን መሣሪያችንን አስቀመጥን።

በእጃቸው ጀመሩ። ና። ና። ሾፌሩ በግራ መስታወት እያያቸው ገባ። በሩን አለፈ፤ በግራ አራት ጣት፣ በቀኝ አራት ጣት፣ አንድ ቀለም አልተላጠም። ከኋላ የቀረው የመብራት ማከፋፈያ ሳጥኑ ያለበት ግድግዳ ነው። ያኔ ሾፌሩ ምን እንደታየው እንጃ ፊቱን ወደ ቀኝ መስታወት አዞረ። መኪናው መጣ። እጃቸውን አነሱ፤ የሚያይ የለም።

ጋሽ በቃ እንደታዘዙት አደረጉ። አፋቸውን ዘጉ፣ በአፍንጫቸው አየር ሳቡ፣ ደረታቸው ሞላ። አሥራ አምስት ቀን የተቀመጠውን ሁሉ አመጡት። አፋቸውን ከፈቱ።

የወጣው የጫጩት ድምፅ ነው። እንዲያውም የታመመች ጫጩት።

«በቃ!!!»

ይህ እኔ ነኝ። ቀለም ቀቢውም ነው። ዘበኛው፣ ግራይንደር የያዙት ሦስቱ፣ ምሳ ዕቃ ለመውሰድ የመጡት ሚስታቸው፣ ክንዱን ያጣመረው ባለ ድርጅት፤ ሁላችንም፣ ባንድ ትንፋሽ። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ የእኚህን ሰው እጅ፣ ቅንድብ፣ ትከሻ ስንጠብቅ ከርመናል፤ አፋቸው ሲከፈት ምን ሊሉ እንደሆነ ለማወቅ ድምፅ አላስፈለገንም። የቆርቆሮው ጣራ ተንቀጠቀጠ። መኪናው ቀጥ አለ። ከሁለት መንገድ ማዶ ፍሬን ሲንጫጫ ሰማን፤ ይህን እንኳ በገዛ ጆሮዬ ነው።

ሾፌሩ ኮፍያው ተንሸራቶ ዓይኑን ሸፍኖት ወረደ። «ኧረ ጉድ ነው! ስንት ሰው ነው እዚህ ቤት መኪና የሚያስቆመው?»

ባለ ድርጅቱ ወደ ጋሽ በቃ በአገጩ አመለከተ። «አንድ» አለ።

ጋሽ በቃ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ወደ ግድግዳው ሄዱ። በማሽኑና በማከፋፈያ ሳጥኑ መካከል ጣታቸውን አስገቡ። አየር ሳቡ።

«ሁለት ጣት» አሉ፣ በሻከረ ግን በሚሰማ ድምፅ። «ዘገያችሁ።»

አሁን ግማሹ ድምፅ ተመልሷል። ሐኪሟ ሙሉውን አትጠብቁ ብላለች፤ ግማሹ ራሱ ለጆሮ ይበቃል። ፎርማንነታቸውም እንዳለ ነው፤ የዕቃ ክፍሉ መስኮት ጋ ያለው ወንበር ላይ የዘበኛው ድመት ትቀመጥበታለች። ጠባብ በር ሲመጣ ግን አሁንም ትከሻዬን ይቆነጥጣሉ። እጠላዋለሁ። ደግሞ እሳቸው የሌሉ ቀን ትከሻዬ ይበርደኛል።

ትናንት ባለ ድርጅቱ ለበር የሚሆን ላሜራ አጥሮት ከጠረጴዛዬ ጀርባ ያለውን ሊወስድ መጣ። ላሜራው ላይ ከቀድሞው ጽሑፍ ሥር፣ ማሽኑ በገባ ማግስት በጠመኔ የተጨመረች አንድ ቃል አለች፦ «ይሻላል።»

«አይሆንም፣ ጠማማ ነው» አልኩት።

ላሜራው እንደ ስኳድራ ቀጥ ያለ ነው።